ዓምድና ስንኝ፦ ጽሑፍን በዓምድ የሚያሰልፍ አንድ የኮምፒዩተር ትእዛዝ ለሥነ ጽሑፍ ጥናት ያለው አገልግሎት

1. መግቢያ

ጽሑፍ በገጽ ላይ የሚሰፍርበት ሥርዓት ብዙውን ጊዜ ከይዘቱ የተለየ፣ ለአታሚ የሚተው ጉዳይ ሆኖ ይታያል። ይሁን እንጂ አንድ ግጥም በስንኝ በስንኙ ሳይለይ እንደ ዝርው ተያይዞ ቢጻፍ ሐረጉ የት እንደሚያበቃና ቤቱ የት እንደሚመታ ለማግኘት አንባቢው ምን ያህል እንደሚቸገር ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ መንገር አያሻም። የአንድን ድርሰት ሁለት ወይም ሦስት ቅጂዎች ለማነጻጸር የሚነሣ ተመራማሪም የመጀመሪያ ተግባሩ ንባቦቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። አሰላለፉ ከተፋለሰ ንጽጽሩም ይፋለሳል።

በማስተምርባቸው ክፍሎች የማገኛቸው ተማሪዎች ይህን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያከናውኑት በእጃቸው ነው። የክፍተቱን ቁልፍ ደጋግመው እየመቱ አንዱን ሐረግ ከሌላው ሐረግ ትይዩ ያደርሱታል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ሲታረም ወይም ሲጨመር ግን ያ ሁሉ ሰልፍ ይፈርሳል። ይህን ድካም የሚያቃልል፣ ዕድሜው ከሠላሳ ዓመት ያለፈ አንድ ትንሽ ትእዛዝ አለ። ስሙ “ኮለም” ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ዓምድ ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትእዛዙ ምን እንደሚሠራ ማስረዳት፣ ቀጥሎም በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ሲውል የሚታዩትን ሁኔታዎች መመርመር ነው። የምከራከርበት ነጥብ አንድ ነው። ትእዛዙ የሚያሰልፈው እኛ አስቀድመን የከፋፈልነውን ብቻ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ የት ላይ እንደሚከፈል፣ ምን እንደሚቆጠርና የጎደለው እንዴት እንደሚመዘገብ መወሰን የጥናቱ አካል እንጂ ለመሣሪያው የሚተው ጉዳይ አይደለም።

2. ሁለት ዓይነት ዓምድ

ወደ ትእዛዙ ከመግባታችን በፊት ዓምድ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ቃሉ በመሠረቱ ምሰሶ ማለት ነው፤ በመጽሐፍ ገጽ ላይ ሲነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያመለክታል።

አንደኛው ተከታይ ዓምድ ልለው የምወደው ነው። የብራና መጻሕፍቶቻችን ብዙውን ጊዜ በአንድ ገጽ ሁለት ዓምድ፣ ተለቅ ያሉት ደግሞ ሦስት ዓምድ አላቸው። ጸሐፊው ብራናውን ወግቶና አስምሮ የመጀመሪያውን ዓምድ እስከ ታች ከጻፈ በኋላ ወደ ሁለተኛው ዓምድ ራስ ይወጣል። በዚህ አደራደር የግራው ዓምድ ሦስተኛ መስመርና የቀኙ ዓምድ ሦስተኛ መስመር ጎረቤት ቢሆኑም በንባብ የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ዓይን የሚሄደው ከላይ ወደ ታች ነው።

ሁለተኛው ተነጻጻሪ ዓምድ ነው። በዚህኛው ትርጉም የሚሰጠው ወደ ጎን ማንበቡ ነው። በ3ኛው መቶ ዘመን በፍልስጥኤም ቂሣርያ ያስተምር የነበረው ኦሪጀን “ሄክሳፕላ” በተባለው ሥራው ብሉይ ኪዳንን በስድስት ዓምድ አሰልፎት ነበር፤ ዕብራይስጡን፣ ያንኑ ዕብራይስጥ በግሪክ ፊደል፣ ከዚያም አራት የግሪክኛ ትርጉሞችን። በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የዚያችው ከተማ ጳጳስ የነበረው አውሳብዮስ ደግሞ አራቱን ወንጌላት በክፍል ቁጥር ከፋፍሎ በአሥር ሰንጠረዦች አዛመዳቸው። የመጀመሪያው ሰንጠረዥ በአራቱም ወንጌላት የሚገኘውን በአራት ዓምድ ያሰልፋል፤ የመጨረሻው በአንዱ ወንጌል ብቻ የሚገኘውን ይዘረዝራል።

ይህ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የገሪማ ወንጌሎች የአውሳብዮስን ሰንጠረዦች በሥዕል ባጌጡ ምሰሶዎችና ቅስቶች መካከል ይዘዋል። በካርበን የተደረገው ምርመራ ብራናዎቹን ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። በእነዚያ ገጾች ላይ ዓምድ የሚለው ቃል ሁለቱንም ፍቺዎቹን፣ ምሰሶውንና የቁጥሩን ሰልፍ፣ በአንድ ላይ ይዟል ማለት ይቻላል። ተነጻጻሪ ዓምድ እንግዲህ ለእኛ ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም።

3. ትእዛዙና አሠራሩ

ኮለም የተዘጋጀው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ይሠራ ለነበረው የዩኒክስ ዝርያ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው 4.3 ቢኤስዲ ሪኖ በተባለው እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ነበር። ዛሬ በሊኑክስም ሆነ በማክ ኮምፒዩተሮች ላይ ይገኛል። የሚሠራው በትእዛዝ መስመር ነው፤ ማለትም ተጠቃሚው የትእዛዙንና የፋይሉን ስም ጽፎ ማስገቢያውን ሲጫን ውጤቱ እዚያው ይታያል። የተነበበው ፋይል ራሱ አይለወጥም። ይህ ለጽሑፍ ተመራማሪ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ምክንያቱም ምንጩና ማሳያው ተለያይተው ይኖራሉ።

ትእዛዙ ከላይ የለየናቸውን ሁለቱንም ዓይነት ዓምዶች ይሠራል። ምንም ተጨማሪ ምርጫ ሳይሰጠው የቃላት ዝርዝር ብናቀርብለት እንደ ብራናው ጸሐፊ የመጀመሪያውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ያልፋል። “ኤክስ” በተባለው የላቲን ፊደል የሚታዘዘው ምርጫ ሲጨመርበት ግን መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ቀጥሎ ወደ ታች ይሞላል። ሁለቱም የተከታይ ዓምድ ዓይነቶች ናቸው። ተነጻጻሪውን ዓምድ የምናገኘው “ቲ” በተባለው ምርጫ ነው። ያን ጊዜ ትእዛዙ እያንዳንዱን መስመር እንደ አንድ ረድፍ ይወስዳል፤ መስመሩን በመለያው ይከፋፍላል፤ በየዓምዱ ከሁሉ የሚረዝመውን ይፈልጋል፤ አጫጭሮቹን በክፍተት እየሞላ ሁሉንም በእርሱ ልክ ያሰልፋል። መለያው ምን እንደሆነ የሚነገረው “ኤስ” በተባለው ምርጫ ነው።

ለማሳያ ያህል በወል ቤት ልክ ያዘጋጀኋቸውን ሁለት ስንኞች እንመልከት። በሐረግና በሐረግ መካከል ቀጥ ያለ መስመር አስገብቻለሁ።

ዝናቡ ዘነበ|መስኩ ለመለመ
ገበሬው በሬውን|ማልዶ አስቀደመ

ቀጥ ያለው መስመር መለያ መሆኑ ከተነገረው ትእዛዙ የሚከተለውን ያወጣል።

ዝናቡ ዘነበ    መስኩ ለመለመ
ገበሬው በሬውን  ማልዶ አስቀደመ

መለያውን ሳንነግረው ብንቀር ግን ክፍተትን ሁሉ መለያ ስለሚያደርግ “ዘነበ|መስኩ” የሚለውን አንድ ቃል አድርጎ ሦስት ዓምድ ያወጣ ነበር። ሐረግ የሚባል ነገር መኖሩን ትእዛዙ አያውቅም። ሐረጉ የተለየው እኔ ጽሑፉን ሳነብ መለያውን በዚያ ቦታ ስላስገባሁት ነው። ይህን በሁለት ስንኝ ላይ ማለት ቀላል ነው፤ ሐረጉ በትርጉም አንድ ቦታ፣ በምት ደግሞ ሌላ ቦታ በሚያርፍበት ግጥም ግን መለያ ማስገባት ትንተና ነው።

ከኮለም ጋር አብሮ የሚነሣ “ፔስት” የተባለ ሌላ ትእዛዝ አለ። እርሱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ፋይሎችን ወስዶ የአንደኛውን አንደኛ መስመር ከሁለተኛው አንደኛ መስመር ጋር፣ ሁለተኛውን ከሁለተኛው ጋር ያጣምራል። እያንዳንዱን ቅጂ ለብቻው በአንድ ፋይል የገለበጠ ተማሪ በፔስት ካጣመራቸው በኋላ በኮለም ሊያሰልፋቸው ይችላል። ነገር ግን ፔስት የሚያየው የመስመሩን ተራ ብቻ ነው። ከአንዱ ቅጂ ሁለት ስንኝ ቢጎድል ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ከማይዛመደው ጋር ይጣመራል።

4. ምን ይቆጠራል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመጣለን። ትእዛዙ “ከሁሉ የሚረዝመውን” ይፈልጋል ብለናል። ርዝመት የሚለካው በምንድን ነው?

4.1 ባይት። ኮለም ሲወጣ የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ገና አልነበረም፤ የገባው በ3.0 እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ በብዛት በምንገለገልበት ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ ተራ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። “ሰላም” ለዓይን ሦስት ፊደል ነው፤ በፋይሉ ውስጥ ግን ዘጠኝ ባይት ነው። ርዝመትን በባይት የሚለካ አሮጌ ዝርያ የመጀመሪያውን ሐረግ “ዝናቡ ዘነበ” 19፣ የሁለተኛውን ስንኝ ሐረግ “ገበሬው በሬውን” 25 ብሎ ይመዘግባል። ልዩነቱ 6 ስለሆነ ስድስት ክፍተት ይጨምራል። በዓይን የሚታየው ልዩነት ግን ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ውጤቱም የመጀመሪያው ስንኝ ሁለተኛ ሐረግ ከቦታው አራት ፊደል ያህል ወደ ቀኝ ተገፍቶ መገኘት ነው። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይህ ስለማይገጥመው ጉድለቱ ለብዙ ተጠቃሚ ሳይታይ ይኖራል።

በባይት መቁጠር በሁለት ነጥብ ላይ የከፋ ነገር ያስከትላል። ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ (፡) የሚለይ የቆየ ጽሑፍ የገለበጠ ተማሪ ሁለት ነጥቡን መለያ ለማድረግ ቢያስብ ሐሳቡ ትክክል ነው። በባይት የሚሠራ ዝርያ ግን የሁለት ነጥቡን ሦስት ባይቶች ሦስት የተለያዩ መለያዎች አድርጎ ይወስዳቸዋል። በዋናው የፊደል ክፍል ውስጥ ያሉት ፊደሎቻችን ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድና ያው ነው፤ የሁለት ነጥብም እንደዚሁ። ስለዚህ መለያ ሆኖ የሚገኘው የእያንዳንዱ ፊደል ራስ ይሆንና ጽሑፉ በሙሉ ይበታተናል።

4.2 ፊደል። አዳዲሶቹ ዝርያዎች የኮምፒዩተሩ የቋንቋ መቼት ወደ ዩቲኤፍ 8 የተስተካከለ እስከ ሆነ ድረስ በፊደል ይቆጥራሉ። ለእያንዳንዱ ፊደላችንም አንድ የቦታ ልክ ይሰጣሉ። ከላይ ያሳየሁት ውጤት በዚህ ቆጠራ የተገኘ ነው። ይሁን እንጂ ፊደሎቻችን ስፋታቸው እኩል አይደለም፤ “ጠ” እና “ሐ” የሚይዙትን ቦታ “ነ” እና “ተ” አይዙም። በእኩል ስፋት በተቀረጸ የፊደል ዓይነት ካልታየ በስተቀር ቆጠራው ትክክል ሆኖም ሰልፉ ሊወላገድ ይችላል። ስለዚህ በክፍተት የተሰለፈውን ውጤት ወደ ቃላት ማቀናበሪያ ፕሮግራም ቀድቶ ማተም አይመከርም። መለያ ያለበትን ዋናውን ፋይል ወስዶ በዚያ ፕሮግራም ውስጥ ወደ ሰንጠረዥ መለወጥ ይሻላል።

4.3 ቀለም። ለሥነ ጽሑፍ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ይህ ነው። በግጥም የምንቆጥረው ፊደልን ሳይሆን ቀለምን ነው። “ልብ” ሁለት ፊደል ነው፤ ቀለሙ ግን አንድ ነው። “ሰማይ” ሦስት ፊደል ሆኖ ሁለት ቀለም፣ “ገበሬ” ሦስት ፊደል ሆኖ ሦስት ቀለም አለው። አናባቢ የሌለው ሳድስ ከፊተኛው ፊደል ጋር ይዋጣል፤ ፊደሉ ግን ይህን አያሳይም። መጥበቅና መላላትንም አያሳይም፤ በዓሉ “ገና” እና ጊዜ አመልካቹ “ገና” በጽሑፍ አንድ ናቸው።

ከላይ ያሉትን አራት ሐረጎች በዚህ ዓይን እንያቸው። “ዝናቡ ዘነበ” ክፍተቱ ሳይቆጠር 6 ፊደል ነው፤ “መስኩ ለመለመ” 7፤ “ገበሬው በሬውን” 8፤ “ማልዶ አስቀደመ” 8። በቀለም ግን አራቱም ስድስት ስድስት ናቸው። ትእዛዙ አንደኛውን ሐረግ አጭር፣ ሦስተኛውን ረጅም አድርጎ በክፍተት ሲያስተካክላቸው ጆሮ የሚሰማው እኩል ሐረጎችን ነው። የወል ቤትን ልክ በዓምዱ ስፋት ለመመዘን የሚሞክር ተማሪ እንግዲህ የሌለ ጉድለት ያገኛል፤ ያለውን ደግሞ ይስታል። ሰባት ቀለም ያለው ሐረግ ከስድስት ቀለም ሐረግ ጋር በፊደል እኩል ሆኖ ሊሰለፍ ይችላልና።

ከዚህ የሚከተለው ትእዛዙ ለግጥም ጥናት አይበጅም የሚል አይደለም። የቀለሙን ቁጥር አንባቢው ራሱ ቆጥሮ በተጨማሪ ዓምድ ሊያስገባው ይችላል። ከእያንዳንዱ ሐረግ ቀጥሎ በመለያ ተለይቶ 6 ወይም 7 ተብሎ ቢጻፍ ትእዛዙ ቁጥሮቹን አንዱን በአንዱ ሥር ያሰልፋል፤ ከልኩ የወጣው ሐረግም በአንድ ዓይን ይታያል። ቆጠራው የሰው፣ አሰላለፉ የመሣሪያው ይሆናል።

5. ቤት መምቻን በቀኝ ማሰለፍ

በሊኑክስ የሚገኘው አዲሱ ዝርያ “ትልቁ አር” በተባለው ምርጫ አንድን ዓምድ በግራ ሳይሆን በቀኝ ጠርዝ ያሰልፋል። ይህ ምርጫ በተለይ ለቁጥሮች ቢያገለግልም ለእኛ ሌላ ጥቅም አለው። ሁለተኛውን ሐረግ በቀኝ ብናሰልፍ፦

ዝናቡ ዘነበ     መስኩ ለመለመ
ገበሬው በሬውን  ማልዶ አስቀደመ

የመጨረሻዎቹ ፊደሎች፣ ማለትም ቤት መምቻዎቹ፣ አንዱ በአንዱ ሥር ይውላሉ። በረጅም ግጥም ውስጥ ቤቱ የት እንደተለወጠ፣ የት እንደ ተሰበረ፣ ገጣሚው ከአንድ ቤት ላይ ለስንት ስንኝ እንደቆየ ወደ ታች በማየት ብቻ ይለያል። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። አንዱ ስንኝ በአራት ነጥብ ሲያበቃ ሌላው ያለ ምልክት ቢያበቃ በቀኝ ጠርዝ የሚሰለፈው ሥርዓተ ነጥቡ ይሆናል። ስለዚህ ሥርዓተ ነጥቡን በመለያ ለይቶ በራሱ ዓምድ ማስቀመጥ ይገባል። ሥርዓተ ነጥቡን ሰርዞ መሥራት ቀላሉ መንገድ ቢሆንም ገጣሚው ያኖረውን ማረፊያ ያጠፋል።

6. ባዶው ሥፍራ

በንባብ ንጽጽር ውስጥ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ይህ ነው። የአንድን ድርሰት ሦስት ቅጂዎች ሀ፣ ለ እና ሐ እንበላቸው። በአንድ ቦታ ላይ ቅጂ ሀ “እጅግ”፣ ቅጂ ሐ “በጣም” የሚል ቃል ሲኖረው በቅጂ ለ ምንም ቃል የለም እንበል። ተማሪው በትክክል እንዲህ ይመዘግባል።

እጅግ||በጣም

በሁለቱ መለያዎች መካከል ያለው ባዶ ሥፍራ ራሱ መረጃ ነው፤ ቃሉ በቅጂ ለ እንደሌለ ይመሰክራል። ሆኖም የበርክሌዩን አሠራር የተከተሉት ዝርያዎች ተከታታይ መለያዎችን እንደ አንድ መለያ ይቆጥራሉ። ስለዚህ “በጣም” አንድ ዓምድ ወደ ግራ ተሻግሮ በቅጂ ለ ሥር ይሰለፋል፤ የቅጂ ሐ ዓምድ ደግሞ ባዶ ሆኖ ይቀራል። በሊኑክስ ያለው አዲሱ ዝርያ መለያው በግልጽ ከተነገረው ባዶውን ይጠብቃል። እንግዲህ ያው ፋይልና ያው ትእዛዝ በሁለት ኮምፒዩተሮች ላይ ሁለት የተለያዩ የንባብ ምስክርነቶች ሊሰጡ ይችላሉ።

የዚህን ክብደት ማጋነን ያስቸግራል። በ4ኛው ክፍል ያየነው የባይት ጉድለት ሰልፉን ስለሚያወላግድ አንባቢው አንድ ነገር እንደ ተበላሸ ወዲያው ያውቃል። ይህኛው ግን ሰልፉን ያሳምራል። ገጹ ንጹሕ ነው፤ ዓምዶቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ የተሳሳተው ምስክርነቱ ነው። ቅጂ ለ የሌለውን ቃል አለው፤ ቅጂ ሐ ያለውን ቃል አጣ። ቅጂዎች በሚጋሩት ግድፈት ዝምድናቸው በሚመረመርበት ጥናት ውስጥ ይህ ዓይነቱ መተላለፍ የቅጂዎቹን የትውልድ ሐረግ እስከ ማዛባት ይደርሳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ባዶ ሥፍራን ባዶ አለመተው ነው። በጎደለው ቃል ቦታ “የለም” ወይም ሌላ የተወሰነ ምልክት ቢጻፍ ማናቸውም ዝርያ በቦታው ያሰልፈዋል። ከዚህም ጋር ቃሉ በቅጂው ውስጥ ያልተጻፈ መሆኑን፣ ተጽፎ የተፋቀ መሆኑን፣ ወይም ብራናው ተበልቶ የማይነበብ መሆኑን በተለያዩ ምልክቶች መለየት ይገባል። ሦስቱም በፋይሉ ላይ ባዶ ሥፍራ ይመስላሉ፤ በትርጉም ግን ሦስት ነገሮች ናቸው።

ለባዶ መስመርም ይኸው ይሠራል። ኮለም በልማዱ ባዶ መስመሮችን ይዘልላል። በአርኬና በአርኬ መካከል አንድ መስመር ክፍት የተተወበት ግጥም በትእዛዙ ካለፈ በኋላ አርኬዎቹ ተያይዘው ይወጣሉ። አዲሱ ዝርያ ባዶውን መስመር የሚያስጠብቅ ምርጫ አለው፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን የአርኬውን ተራ ቁጥር በመጀመሪያው ዓምድ ከእያንዳንዱ ስንኝ ጋር መጻፍ ነው።

በመጨረሻም ትእዛዙ “ጸሐይ” እና “ፀሐይ” የሚሉትን ጎን ለጎን ያስቀምጣል እንጂ ልዩነቱ የፊደል አጣጣል ነው ወይስ የንባብ የሚለውን አይፈርድም። ያ ፍርድ የንባብ ተመራማሪው ሥራ ነው።

7. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው ኮለም የተባለው ትእዛዝ ትንሽ ሆኖ ብዙ ድካም የሚያቃልል መሣሪያ ነው። የሐረግን አከፋፈል፣ የቤት መምቻን ሰልፍና የቅጂዎችን ንጽጽር ያለ ብዙ ልፋት ያሳያል። በአማርኛ ላይ ሲውል ግን ባይት፣ ፊደልና ቀለም ሦስት የተለያዩ ልኮች መሆናቸውን መዘንጋት አያስፈልግም።

ለተማሪዎች ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ዋናው ሰነድ መለያ የገባበት ፋይል እንጂ የተሰለፈው ውጤት አይደለም፤ የሚጠበቀውም እርሱ ነው። ሁለተኛ፣ ምንም ሥፍራ ባዶ አይተው። ሦስተኛ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ትእዛዙ ባዶ ሥፍራ ባለው አንድ ረድፍና ርዝመታቸው በተለያየ ሁለት የአማርኛ ቃላት ይፈተን፤ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ያለው ዝርያ የትኛው እንደሆነ በደቂቃ ውስጥ ይታወቃል።

ለመምህራን ደግሞ የማቀርበው አሳብ በንባብ ንጽጽር ላይ የተመሠረተ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀርብ ሰንጠረዡ ብቻ ሳይሆን መለያ የገባበት ፋይልም አብሮ እንዲቀርብ ነው። ፈታኙ ሰንጠረዡን አይቶ ሊመሰክር የሚችለው ስለ አሰላለፉ ብቻ ነው። ንባቡ የየትኛው ቅጂ እንደሆነ የሚመሰክረው ፋይሉ ነው።